በቀን ሦስት ማምረቻ ይበቃል፤ ቀጠሮውም ይቅደም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የጉዞ ገጻችሁ ስለ ወይን አምራች አካባቢዎች የሚያወጣቸው ጽሑፎች ለዓይን ያምራሉ። ሆኖም ሁለት ምክሮችን ደጋግመው ይሰጣሉ፤ አንዱ "በለቀማ ወቅት ሂዱ"፣ ሌላው "በቀን አምስት ስድስት ማምረቻ አዳርሱ" የሚል ነው። በእኔ እምነት ሁለቱም ጎብኚን ያከስራሉ። ከብዙ መቶ ማምረቻዎች ውስጥ የትኛው ለማን እንደሚሆን፣ ቀጠሮውስ እንዴት እንደሚያዝ ግን አንድም መስመር አይጻፍም። አንባቢ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ መኪና ተከራይቶ፣ በሩ ላይ ደርሶ "ቀጠሮ አለዎት?" ሲባል ነው ነገሩ የሚገባው። ለሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ቢረዳ ብዬ ይህን ልኬያለሁ።

ከስሌቱ እጀምራለሁ። በአንድ ቅምሻ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ዓይነት ወይን ይቀርባል፤ ለእያንዳንዱ የሚቀዳው ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ነው። እጁ የማይሰስት ቀጂ አምስቱን ዓይነት በ60 በ60 ቢቀዳ 300 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህ 750 ሚሊ ሊትር ከሚይዘው ጠርሙስ ሁለት አምስተኛው ነው። የአልኮል መጠኑ 14 በመቶ የሆነ ወይን ከሆነ ደግሞ 33 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል ይገኝበታል። የአዋቂ ሰው ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው በግምት ከ7 እስከ 10 ግራም ስለሆነ፣ የዚያ የአንዱ ቅምሻ አልኮል ብቻ ከደም እስኪወጣ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። እንዲህ ያለ ቅምሻ ስድስት ጊዜ ማለት ለአንድ ሰው ወደ ሁለት ጠርሙስ ተኩል የሚጠጋ ነው። "ስድስት ቦታ አዳርሱ" የሚለውን ምክር የሚጽፍ ሰው ይህን ደምሮት የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሰውየው ከመስከሩም በፊት ምላሱ ይደክማል። ቀይ ወይን ውስጥ ያለው ታኒን፣ ያልበሰለ ሙዝ ሲነከስ አፍን እንደሚያደርቀው ዓይነት ነገር፣ ከምራቅ ፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ የአፍን ልስላሴ ይወስደዋል። ከአሥራ አምስት ሃያ ዓይነት ወይን በኋላ ሙያው ያልሆነ ሰው አንዱን ከሌላው መለየት ያቅተዋል፤ ሁሉም "ጥሩ ነው" ይሆንበታል። ይባስ ብሎ ብዙ ጠርሙስ የሚገዛው በዚያ ሰዓት ነው፤ ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ለምን እንደገዛው አያስታውስም።

ጊዜውም ቢሆን ከሦስት በላይ አያስኬድም። ቁጭ ተብሎ የሚደረግ ቅምሻ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። እርሻውንና ምድር ቤቱን ማየት ከተጨመረበት ሁለት ሰዓት ይደርሳል። መክፈሉ፣ ጠርሙስ ማስጠቅለሉ፣ ፎቶ መነሳቱ ሌላ አሥራ አምስት ሃያ ደቂቃ ነው። ስለዚህ የሚሠራው የቀን አከፋፈል ይህን ይመስላል፦ የመጀመሪያው ከጠዋቱ 4፡00 እስከ 5፡30፤ ከ6፡00 እስከ 7፡15 በቂ ምሳ፤ ሁለተኛው ከ7፡45 እስከ 9፡00፤ ሦስተኛው ከ9፡30 እስከ 10፡45። ብዙ የቅምሻ ክፍሎች 11 ሰዓት ላይ ስለሚዘጉ፣ አራተኛው ወረቀት ላይ እንጂ መሬት ላይ ቦታ የለውም። ከሁሉ ይልቅ የጓጉለትን ማምረቻ የጠዋቱ ላይ ያድርጉት። አፍም አፍንጫም ንጹህ ናቸው፤ የቅምሻ ክፍሉ አልተጨናነቀም፤ የሚያስተናግደው ሰውም ገና ተመሳሳይ ታሪክ አሥር ጊዜ አልተናገረም። ፎቅና በረንዳ ያለውን፣ መልክዓ ምድሩ የሚታይበትን ቦታ ለመጨረሻ ያቆዩት፤ እዚያ ከወይኑ ይልቅ ወንበሩ ያስፈልጋል።

ሦስቱ የሚቀራረቡ ይሁኑ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ናፓ ሸለቆ ርዝመቱ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በካርታ ላይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ዋናው አውራ ጎዳና 29 ቁጥር ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ይጣበቃል፤ ከፊት የሚመጣውን መኪና አሳልፎ ወደ ግራ መታጠፉ ብቻ ትዕግስት ይጨርሳል። ከእሱ ጎን ለጎን የሚሄደው ሲልቨራዶ ትሬይል የሚባለው መንገድ ብዙውን ጊዜ ይሻላል። በአንድ ቀን የአንድ ወይም የሁለት አጎራባች ከተሞችን ማምረቻዎች ብቻ መያዝ፣ ወደ ቀኝ እየታጠፉ የሚገባባቸውን ሲሄዱ፣ ወደ ግራ የሚሆኑትን ሲመለሱ ማድረግ ይበጃል። በፈረንሳይ ቦርዶም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ያሉት ሜዶክና ሳንት ኤሚልዮን የሚባሉ የወይን አካባቢዎች የሁለት ቀን ሥራ ናቸው። በመካከላቸው ወንዝም የቦርዶ ከተማ የመኪና ጭንቅንቅም ስላለ በአንድ ቀን ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ቀኑን የሚጨርሰው መኪና ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። ሰው የሚመርጠው በስም ነው፤ ይህ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ስማቸው ከገነኑት አንዳንዶቹ ጭራሽ ጎብኚ አይቀበሉም፤ በፈረንሳይ ቡርጎኝ የሚገኘው ሮማኔ ኮንቲ የሚባለው ማምረቻ ለሕዝብ ክፍት አይደለም። የሚቀበሉትም ቢሆኑ ስማቸውን ያስገኘላቸውን ወይን ላያቀምሱ ይችላሉ። በኢንተርኔት ላይ በኮከብ የሚሰጠው ነጥብም ቢሆን ብዙ አይረዳም፤ አስተያየቱን ዝቅ ብለው ቢያነቡት አምስት ኮከብ ያገኘው ጀንበሯ ስትጠልቅ የሚታይበት በረንዳ ሆኖ ያገኙታል።

የሚሻለው በሚወዱት ወይን መነሳት ነው። ከመሄድዎ አንድ ወር አስቀድመው የዚያን አካባቢ ሁለት ሦስት ጠርሙስ ፈልገው ቤትዎ ይሞክሩ። ደስ ያለዎትን ጠርሙስ ምልክት ላይ ደቃቁን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ወይኑን በእርግጥ ያመረተው ማን እንደሆነ የሚነግርዎት እሱ ነው። የፈረንሳዩ "ሚ ዛን ቡቴይ ኦ ሻቶ"፣ የጀርመኑ "ጉትስአብፊሉንግ"፣ የአሜሪካው "ኤስቴት ቦትልድ" የሚሉት ቃላት ወይኑ ፍሬውን ባበቀለው አምራች ዘንድ በጠርሙስ መሞላቱን ያመለክታሉ። በአሜሪካ ሕግ "ፕሮዲውስድ" የሚለውን ቃል ለመጻፍ ቢያንስ 75 በመቶው ወይን እዚያው መብላላት አለበት። "ሴላርድ" ወይም "ቪንትድ" ከተባለ ግን ከሌላ የተገዛ ወይን ሊሆን ይችላል። ይህ ወይኑን መጥፎ አያደርገውም፤ ነገር ግን እርሻና ታንክ አያለሁ ብሎ የሄደ ሰው በሱቅ መደዳ ውስጥ ያለች አንዲት የቅምሻ ክፍል ብቻ ሊያገኝ ይችላል። በድረ ገጻቸው ላይ "ማምረቻው የት ነው?" የሚለው መልስ ካልተገኘ በስልክ ይጠየቅ።

ከዚያ መጠናቸውን ያሰባጥሩ። ትልቁ ማምረቻ በሰዓት የተከፈለ ጉብኝት አለው፣ በብዙ ቋንቋ ያስረዳል፣ ከመጭመቂያው እስከ ማሸጊያው ድረስ የሥራውን ሂደት ደህና አድርጎ ያሳያል። ለጀማሪ አንድ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ትልቅ ማምረቻ ግን የመጀመሪያውን ይደግማል፤ የማይዝገው ብረት ታንክ የትም ቦታ ያው ታንክ ነው። ትንሹ አምራች ዘንድ በር የሚከፍተው ራሱ ጠማቂው ወይም ከቤተሰቡ አንዱ ነው። እዚያ አተላው ላይ ስንት ወር እንዳቆየው፣ በርሜሉ አዲስ ይሁን ያገለገለ፣ በረዶ የመታበት ዓመት ምን እንዳደረገ ይጠየቃል፤ መልሱም ይገኛል። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን የጉዞ ጽሑፎች ለምን እንደሚዘሏቸው አይገባኝም። በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስፔን የወይን መንደሮች በብዛት አሉ፤ አብዛኞቹ ያለ ቀጠሮ ያስተናግዳሉ፣ የአካባቢውን ወይን ዓይነት ከሞላ ጎደል በአንድ ባንኮኒ ላይ ያቀምሳሉ፣ ዋጋቸውም መጠነኛ ነው። ጉዞው ሲጀመር ወደ አንዱ ጎራ ማለት ለቀሪዎቹ ቀናት ምርጫ መሪ ይሆናል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ የለቀማው ወራት በሰሜኑ የምድር ክፍል በአብዛኛው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ በደቡቡ ደግሞ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። ዘለላው በየሣጥኑ ሲመጣ ማየት ደስ ይላል፤ አልክድም። ነገር ግን በእነዚያ ሳምንታት ትንሹ አምራች ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል፤ ቀጠሮ ቢሰጥም ዝናብ ከመጣ ይሰርዛል፣ ሊሰርዝም ይገባዋል። ሌላም ምክንያት አለ። አንድ ሊትር ጭማቂ ሲብላላ ከ40 ሊትር በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ምድር ቤትና ታንክ ሥር ይተኛል፤ ሰው ይገድላል። በዚህ ምክንያት በለቀማ ጊዜ ምድር ቤቱን ለጎብኚ የሚዘጉ አሉ፤ "ሥራ ይታያል" ተብሎ የተሄደበት ሥራ በመስኮት ብቻ ይታያል። የሆቴል ክፍል ዋጋም በዚያው ወቅት ጣሪያ ይነካል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው በሰሜኑ ግንቦትና ሰኔ ይሻላሉ፤ ተክሉ ለምልሟል፣ አበባው ይታያል፣ ጠማቂውም ፋታ አለው። ወይኑን እንጂ አረንጓዴውን ለማይፈልግ ደግሞ ጥርና የካቲት ግሩም ናቸው። ተክሉ ተገርዞ ራቁቱን ይቆማል፤ ምድር ቤቱ ግን ባለፈው መኸር ወይን የተሞላ ስለሆነ ከበርሜል የማስቀመስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ከሳምንቱ ቀናት ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉት ይመረጣሉ። በፈረንሳይ ትንንሾቹ አምራቾች በምሳ ሰዓትና እሁድ የሚዘጉ ይበዛሉ፤ በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ ደግሞ ለቀማ ሳይደርስ ዕረፍት የሚወጡ አሉ። በቦርዶ አዲሱ ወይን በርሜል ውስጥ እያለ ለነጋዴዎች የሚቀርብበት ሳምንት ብዙውን ጊዜ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መካከል ይውላል፤ በዚያ ሳምንት ሻቶ የሚባሉት ታላላቅ ማምረቻዎች ለተራ ጎብኚ ጊዜ የላቸውም።

ቀጠሮ ለምን እንደሚያስፈልግ ሳያውቁ የሚቆጡ ሰዎች አሉ። በናፓ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ደንብ መሠረት ከዚያ በኋላ ፈቃድ ያገኙ ማምረቻዎች በቀጠሮ ካልሆነ በስተቀር ቅምሻ ማካሄድ አይችሉም። ስለዚህ በሩ ላይ ቆሞ መለማመጥ አስተናጋጁን ሕግ አፍርስ ማለት ነው። በቡርጎኝ ደግሞ ነገሩ የሰው ኃይል ጉዳይ ነው። ጥቂት ሄክታር ይዞ ከባለቤቱ ጋር የሚሠራ አምራች ጎብኚ ለመቀበል ከትራክተር መውረድ አለበት። በፈረንሳይ አልዛስ መንደሮችና በደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ ያለ ቀጠሮ የሚገባባቸው ብዙ ናቸው፤ ስቴለንቦሽ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የወይን መንገድ ብሎ ጎብኚን ሲያስተናግድ የኖረ ስለሆነ ልምዱ አለው። እዚያም ቢሆን ከስድስት ሰው በላይ ለሆነ ቡድን አስቀድሞ መደወል ደንብ ነው።

ቀጠሮው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቀደም ብሎ ይያዝ። ቅዳሜ፣ የበዓል ሰሞንና ስመ ጥሩ ማምረቻ ከሆነ ሁለት ወርም አይበዛም። ቅደም ተከተሉ ደግሞ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ በጣም የሚፈለገውና ሰዓቱን የማይለውጠው ይያዝ፤ መልሱ ሲመጣ በእሱ ዙሪያ ሌሎቹ ሁለቱ ይደርደሩ፤ የምሳው ቦታ በመጨረሻ ይያዝ። ብዙ ሰው ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይጠይቅና ሦስቱም "በ8 ሰዓት ኑ" ይሉታል።

ትልልቆቹ ድረ ገጻቸው ላይ ቀንና ሰዓት አስመርጠው በካርድ ያስከፍላሉ። ለትንንሾቹ ግን ኢሜይል ይጻፋል፤ ኢሜይሉ ሲጻፍ የሚቀረው ነገር ይበዛል። የሚከተለውን ያህል ቢሆን ይበቃል፦

"አራት ሰዎች ነን። ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ብንመጣ ደስ ይለናል፤ ካልተመቻችሁ ረቡዕ ጠዋት ወይም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንችላለን። ሪስሊንግ ከሚባለው ነጭ የወይን ዘር የሚሠራውን ደረቅ፣ ማለትም የማይጣፍጥ ወይን እንወዳለን፤ የተለያየ መሬት ላይ የበቀለውን አነጻጽረን ብንቀምስ እንመርጣለን። አንዳችን መኪና ስለሚነዳ አይጠጣም፤ አንዷ ጓደኛችን ደረጃ መውረድ ያስቸግራታል። በእንግሊዝኛ መግባባት እንችላለን። ስድስት ጠርሙስ ያህል ገዝተን ይዘን ለመሄድ አስበናል። የቅምሻውን ዋጋ፣ የሚወስደውን ጊዜና የመሰረዣ ደንባችሁን ብትገልጹልን እናመሰግናለን።"

ከቀኑ ጋር ወሩና ቁጥሩ ይጻፋል፤ የሚሠራ ስልክም ይጨመራል። ሁለት አማራጭ ቀን መስጠት የደብዳቤ ምልልሱን ያሳጥራል። ምን እንደሚወዱ መግለጽ ደግሞ ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ አምራቹ የሚከፍተውን ጠርሙስ የሚመርጠው በዚያ ነው። በአምስት ቀን መልስ ካልመጣ ስልክ ይደወል፤ ዝምታው እምቢታ ላይሆን ይችላል፣ ገበሬ ኢሜይል የሚያየው ሲመሽ ነው። ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ሁሉንም ቀጠሮ በአጭር መልእክት ማረጋገጥ አይዘንጋ።

የቅምሻውንም ዓይነት ሳይጠይቁ አይክፈሉ። ተራው ቅምሻ በገበያ ላይ ያለውን ያቀርባል። "ሪዘርቭ" የሚባለው ውድ ውዱን ነው። "ቨርቲካል" የሚባለው አንዱን ወይን በተለያየ ዓመት ምርት ደርድሮ ያስቀምሳል። ምርጫ ካለ ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል፤ መሬቱ፣ ተክሉና ጠማቂው ያው ሆነው ዝናብና ፀሐይ ብቻ ሲለወጡ ምን እንደሚሆን አፍ ላይ ይታያል። የተቀመጠው ክፍያ በሰው ነው ወይስ በቡድን? ጠርሙስ ለሚገዛ ይቀነሳል ወይ? ስንት ጠርሙስ ሲገዛ? ቀብዱስ እስከ ስንት ሰዓት ቀድሞ ቢሰረዝ ይመለሳል? 24፣ 48 እና 72 ሰዓት የተለመዱ ገደቦች ናቸው። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ደግሞ ልጅ ይገባ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቅ፤ በአሜሪካ ዕድሜው 21 ያልሞላ ሰው አይቀዳለትም፣ አንዳንዶቹ ቤቶችም ጭራሽ አያስገቡም።

ሁለት ተንኮለኛ ነገሮች አሉ። አንደኛው ስም ነው። በቡርጎኝና በጀርመን ሞዘል መንደሮች አንድ የቤተሰብ ስም የያዙ ብዙ አምራቾች አሉ፤ በሞዘል "ፕሩም" የሚል ስም ያላቸው ከአንድ በላይ ማምረቻዎች ተቀራርበው ይገኛሉ። ቀጠሮ በአንዱ ይዞ ሌላው በር ላይ የሚቆም ጎብኚ ብዙ ነው። ሙሉ ስሙ ከነመጠሪያ ፊደሉ ይመዝገብ። ሁለተኛው አድራሻ ነው፤ ቢሮው መንደር ውስጥ፣ ምድር ቤቱ ደግሞ ኮረብታ ላይ ሊሆን ይችላል። "ቅምሻው የሚካሄደው በየትኛው በር ነው?" ብሎ መጠየቅ፣ ካርታውንም ስልክ ላይ አስቀድሞ ማውረድ ያስፈልጋል፤ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ አይታመንም። አሥር ደቂቃ የሚያረፍድ ሰው ይደውል። ከሃያ ደቂቃ በላይ ከሆነ የሚቀጥለው ቡድን ስለሚመጣ ቅምሻው ይቆረጣል እንጂ አይራዘምም።

መኪናውን ማን እንደሚነዳ የሚወሰነው ቀጠሮ ሳይያዝ ነው። በደም ውስጥ የሚፈቀደው የአልኮል መጠን በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች 0.08 በመቶ፣ በፈረንሳይና በደቡብ አፍሪካ 0.05 በመቶ ነው። ቶካይ በሚባለው ጣፋጭ ወይን የምትታወቀው ሃንጋሪ ግን ዜሮ ነው የምትለው፤ እዚያ ለሚነዳ ሰው "ትንሽ ቀመስኩ" የሚባል ነገር የለም። የማይጠጣ ጓደኛ ከሌለ ሹፌር መቅጠር ይሻላል። ክፍያው በሰዓት መሆኑን፣ ቢያንስ ስንት ሰዓት እንደሚያስከፍል፣ የሚጠብቅበትም ጊዜ እንደሚቆጠር አስቀድሞ መስማማት ግድ ነው። ማምረቻዎቹን ደግሞ እርስዎ ይምረጡ። "የማውቀው ጥሩ ቦታ አለ" የሚል ሹፌር ኮሚሽን ወደሚከፍለው ቤት ሊወስድዎት ይችላል። በደቡብ አፍሪካ ፍራንሾክ ከማምረቻ ማምረቻ የሚያመላልስ የወይን ትራም አለ፤ እዚያ መኪና ይዞ መሄድ ራስን ማድከም ነው።

ጠዋት ሽቶ አይቀቡ፤ ሽታ ያለው የእጅ ቅባትም ቢሆን ይቅር። ይህ ለራስ ብቻ አይደለም፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያለውን ሁሉ አፍንጫ ይዘጋል። የጥርስ ሳሙና ጣዕም እስኪጠፋም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ምድር ቤት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ ውጭው ቢያቃጥልም ሹራብና የማያንሸራትት ድፍን ጫማ ያስፈልጋል።

ቀድመው አረፋማውና ነጩ፣ ቀጥሎ ሮዜ የሚባለው ሮዝ ቀለም ያለው፣ ከዚያ ቀዩ፣ በመጨረሻ ጣፋጩ ይቀርባሉ፤ ይህን ቅደም ተከተል ማፋለስ ቀላሉን ወይን ውኃ ያስመስለዋል። መትፋት ነውር አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ባልዲ ለዚያ ነው የተቀመጠው፤ ከሌለም ኩባያ ይጠየቃል። ትንሽ ይጎነጫል፣ አፍ ውስጥ ይዞራል፣ ከንፈር ሞጥሞጥ ተደርጎ በአንድ ጊዜ ይተፋል፤ ቤት ውስጥ በውኃ ተለማምዶ የመጣ ሰው ሸሚዙን አያበላሽም። ብርጭቆው የረጠበ ካርቶን የሚሸት ከሆነ ቡሹ ወይኑን አበላሽቶታል፤ ሽታው ደብዝዞ እንደ ኮምጣጤ የሚል ከሆነ ደግሞ ጠርሙሱ ከተከፈተ ቆይቷል። በጨዋነት "ከሌላ ጠርሙስ ብንሞክር?" ማለት ይቻላል። ደህና አምራች ራሱ አሽትቶ ይደነግጣል፣ ወዲያው አዲስ ይከፍታል።

መግዛት ግዴታ አይደለም፤ በተለይ ለቅምሻው ከተከፈለ። ሳያስከፍል አንድ ሰዓት ተኩል ካስተናገደ ትንሽ አምራች ዘንድ ግን ሁለት ሦስት ጠርሙስ ሳይገዙ መውጣት አያምርም። የደንበኞች ክለብ ፎርም ከተሰጠዎት በመጨረሻው ብርጭቆ ሞቅታ አይፈርሙ፤ በዓመት ስንት ጊዜ፣ ስንት ጠርሙስ እንደሚላክ፣ ለማቋረጥ ምን እንደሚያስፈልግ ቤት ወስደው ያንብቡት።

የተገዛው ወይን ጠላት ሙቀት ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ወይኑ ይሰፋል፣ ቡሹን ወደ ላይ ይገፋል፣ አየር ይገባል፣ ጣዕሙም የተቀቀለ ፍሬ ይሆናል። ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ በረዶ ያለው የሽርሽር ሣጥን ቢኖር፣ ካልሆነም ጠርሙሶቹ በየምሳው ወደ ጥላ ቢወጡ ይድናሉ። ወደ አውሮፕላን ሲመጣ፣ ሙሉ ጠርሙስ ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ ስለሚመዝን 23 ኪሎ በሚፈቀድ ሻንጣ ውስጥ ከነመጠቅለያው አሥራ ሁለቱ ብቻ ሻንጣውን ሊሞሉት ይችላሉ። በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ስለማይፈቀድ ወይኑ የሚሄደው ከጭነቱ ጋር ነው። የአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ ከ24 በመቶ በታች አልኮል ላለው መጠጥ በጭነት ሻንጣ ገደብ አያደርግም፤ ቀረጡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ለአንድ ተጓዥ 1 ሊትር፣ የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ ለሚገባ ተጓዥ 4 ሊትር አረፋ የሌለው ወይን ያለ ቀረጥ ያስገባሉ። በፖስታ ማስላክ ከተመረጠ፣ በመንገድ ቢሰበር ወይም ቢሞቅ ኃላፊው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ በበጋ ከሆነ ደግሞ አየሩ እስኪቀዘቅዝ ማምረቻው ዘንድ እንዲያቆዩት መጠየቅ ይቻላል፣ ብዙዎቹም እሺ ይላሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ